ቀለም የሚጠጣው አገዳ

(ኮምቦልቻ ላይ ለተማሪዎች፣ ለፋብሪካ ሠራተኞችና ለአርሶ አደሮች ካደረግኩት ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ከሐርቡና ከባቲ ድረስ የመጣችሁ በተለይ እንኳን ደህና መጣችሁ። መንገዱን አውቀዋለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ቀለም የገባበትን የፋብሪካ ውሃ በአገዳና በመሳሰለው ተረፈ ምርት ስለማጽዳት ነው።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ልጆች ላስቸግር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙሶች አሉ። ግማሽ ግማሽ ሊትር ናቸው። በአንዱ ሰማያዊ ውሃ አለ፣ በሌላው ቀይ። ሳህኑ ላይ ያለው ዱቄት ደግሞ የማሽላ አገዳ ነው። በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በወንፊት ተነፍቷል። ሌላ ምንም አልገባበትም። ከእሱ በሁለቱም ጠርሙስ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምሬያለሁ። ክዳኑን አጥብቃችሁ ወዝውዙልኝ። እኔ ላውራ፣ እናንተ ወዝውዙ። ሲደክማችሁ አጠገባችሁ ላለው አቀብሉ።

አሁን ስለ እናቴ ልንገራችሁ።

እናቴ መሶብና ሰፌድ ትሰፋ ነበር። ያደግነው ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አለላ የምትነክርበትን ቀለም የምትገዛው ከባቲ የሰኞ ገበያ ነበር። በማንኪያ እየተለካ በወረቀት የሚጠቀለለውን ዱቄት ታውቁታላችሁ። ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ። ለምግብ በማትጠቀምበት አሮጌ ድስት ውሃ ታፈላና ዱቄቱን ትነሰንስበታለች። ከዚያ ስንደዶውን በእስር በእስር እያደረገች ትነክራለች።

የመጀመሪያው እስር ደመቅ ብሎ ይወጣል። ሁለተኛው ትንሽ ፈዘዝ ይላል። ሦስተኛው ይብስበታል። አራተኛው ላይ ስንደዶው ቀለም የነካው እንኳ አይመስልም። ያን ጊዜ ድስቱን ዘንበል አድርጋ ታየውና "ቀለሙ አለቀ" ትላለች። ውሃው ጠርቷል ማለት ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ቀለሙ በእሳቱ የተቃጠለ ይመስለኝ ነበር። አልተቃጠለም። ስንደዶው ላይ ነው ያለው።

አንዳንድ ቀን ግን ትቸኩላለች። ሁለት እስር ብቻ ነክራ የቀረውን ከቤቱ ኋላ ትደፋዋለች። ያኔ ሐምራዊ ጅረት ይወርዳል። ዶሮዎቻችን እግራቸው ሐምራዊ ሆኖ ይሰነብት ነበር።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ያ ድስት ውስጥ አለ። ቀለም መንከርና ውሃ ማጽዳት አንድ ሥራ ናቸው። ውሃው የሚጠራው ቀለሙ የሚለጠፍበት ነገር ሲያገኝ ነው። ካላገኘ ይደፋል። ሲደፋ ደግሞ አንዱ ደጅ ይደርሳል።

"ቀለሙን ጠጣው" እንላለን። የኬሚስትሪ ሰዎች ግን አድሶርፕሽን ይሉታል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ስፖንጅ ውሃ ሲጠጣ ውሃው ውስጡ ይገባል። እዚህ ግን ቀለሙ የሚለጠፈው ገጹ ላይ ነው። ጭጎጎት ጋቢ ላይ እንደሚለጠፈው ማለት ነው። ጋቢው በሰፋ ቁጥር ብዙ ጭጎጎት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ እኛ የምንፈልገው ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ ገጽ ያለው ነገር ነው። አገዳን መፍጨት ገጹን ያበዛዋል። አክሰሎ በወጉ ማዘጋጀት ደግሞ ከልክ በላይ ያበዛዋል። በደንብ የተሠራ አክቲቬትድ ካርቦን፣ ማለትም በውስጡ እልፍ ቀዳዳ ያለው ልዩ ከሰል፣ አንድ ግራሙ ከ500 እስከ 1500 ካሬ ሜትር ገጽ አለው። አንድ ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር ነው ብንል፣ ከመካከለኛው ከሰል ሁለት ግራም ተኩል የአንድ ጥማድ ያህል ገጽ ይዟል። መዳፍ ላይ ቢያርፍ ክብደቱ እንኳ አይታወቅም።

ከሰል ቀለም እንደሚያነሳ የታወቀው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1785 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሎዊትዝ የተባለ ሰው ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ የደፈረሰ ፈሳሽ በከሰል አጥርቶ አሳይቷል። የፋብሪካ ቀለም ራሱ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። በ1856 ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ለወባ የሚሆን ኪኒን ላብራቶሪ ውስጥ ለመሥራት ሲሞክር ሐምራዊ ቀለም አገኘ። አሁን በጠርሙስ የምትወዘውዙት ሰማያዊ ሜቲሊን ብሉ ይባላል። በ1876 ነው የተሠራው። በ1891 ደግሞ እሱ ራሱ ወባን ለማከም ተሞከረ። ቆላው ወባ ያለበት ለሆንን ለእኛ ይህ ታሪክ ቅርብ ነው። ቀለም ክፉ ነገር አይደለም። ቦታው ሲጠፋ ነው ክፉ የሚሆነው።

ቀለም የሚሠራው እንዳይለቅ ነው። ፀሐይ እንዳያፈዝዘው፣ ሳሙና እንዳያወጣው፣ ላብ እንዳይበላው። ሸሚዛችን ላይ ይህን እንወድለታለን። ወንዝ ውስጥ ሲገባ ግን ይኸው ጥንካሬው ነው የሚጎዳው። ተዋሕስያን በቀላሉ አይሰባብሩትም። በሺህ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ግራም ብቻ ቢገባ እንኳ ብዙውን ቀለም ዓይን ያየዋል። ብርሃን ወደ ታች እንዳይገባ ያደርጋል፣ የውሃው ዕፅዋትም ይደክማሉ። አዞ (azo) የሚባሉት የቀለም ዓይነቶች ደግሞ አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ሲቆዩ ተሰብረው ሌላ ነገር ይሆናሉ። ከዚያ ከሚወጡት አንዳንዶቹ ካንሰር የሚያመጡ ናቸው። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። ቀለሙ ከዓይን ጠፋ ማለት ከውሃው ወጣ ማለት እንዳልሆነ እንድታውቁት ነው።

ቦርከናን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከደሴ ተራሮች ይነሳል፣ በኮምቦልቻ ያልፋል፣ በሐርቡ በኩል ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል፣ መጨረሻው አዋሽ ነው። በመንገዱ ላይ ሽንኩርት የሚያጠጣ አለ፣ ልብስ የሚያጥብ አለ። በበጋ ከአፋር ድረስ ከብቱን እየነዳ ወደ ጨፋ የሚመጣ አለ። አንድን ፋብሪካ ልወቅስ አልመጣሁም። ከተማችን የምትኖረው በፋብሪካ ነው። እዚህ ከተቀመጡት ውስጥ ልጆቻቸውን በፋብሪካ ደመወዝ ያሳደጉ አሉ። የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው።

ጠርሙሶቹ እንዴት ሆኑ? እስቲ ወደ መስኮቱ ያዟቸው። ዱቄቱ እስኪዘቅጥ ትንሽ እንጠብቅ።

አያችሁ? ሰማያዊው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ዱቄቱን ተመልከቱ፣ እሱ ነው ሰማያዊ የሆነው። እናቴ ብታየው "አለቀ" ትል ነበር። አሁን ቀዩን አንሱት። ቀይ ገብቶ ቀይ ቀረ።

አጨብጭባችሁ ነበር፣ አመሰግናለሁ። ግን ጭብጨባው ለቀዩ ጠርሙስ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ምክንያቱም ዋናውን ነገር የሚያስተምረን እሱ ነው።

የአገዳ ገጽ ውሃ ውስጥ ሲገባ በአብዛኛው ኔጋቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ሜቲሊን ብሉ ደግሞ ፖዘቲቭ ነው። ይሳሳባሉ። እናቴ ከባቲ የምትገዛው ዓይነት ቀለምም ብዙውን ጊዜ ፖዘቲቭ ነው። ለዚህ ነው ስንደዶው እንዲያ አድርጎ የሚይዘው። በቀዩ ጠርሙስ ያለውና ጥጥ በፋብሪካ የሚቀለምበት ሪአክቲቭ የሚባለው ቀለም ግን ኔጋቲቭ ነው። አገዳውም ኔጋቲቭ፣ ቀለሙም ኔጋቲቭ። ይገፋፋሉ።

በዓለም ላይ በግብርና ተረፈ ምርት ቀለም ስለማጽዳት የተጻፈው ጥናት እጅግ ብዙ ነው። አብዛኛው የሚጀምረው ግን በሜቲሊን ብሉ ነው። እኔም በእሱ ነው የጀመርኩት። ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይለካል፣ ውጤቱም ያምራል። ተማሪዎች፣ ይህን ልብ በሉልኝ። በሜቲሊን ብሉ ብቻ የተገኘ ውጤት ይዛችሁ "የፋብሪካ ፍሳሽ አጸዳሁ" አትበሉ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥሩ ውጤት ይዤ እውነተኛ ፍሳሽ ቀድቼ ሞከርኩ። ያ ሁሉ የደከምኩበት ዱቄት ታች ዘቀጠ፣ ቀለሙ ላይ ቆመ። ለሁለት ቀን ሰው አላናገርኩም።

እውነተኛው ፍሳሽ ውስጥ ምን አለ? ጥጥ በሪአክቲቭ ቀለም ሲነከር ቀለሙ ጨርቁን እንዲይዝ ጨው ይጨመራል። በሊትር 50 ግራምና ከዚያ በላይ የሚደርስበት ጊዜ ብዙ ነው። የባሕር ውሃ እንኳ በሊትር 35 ግራም ገደማ ነው ያለው። በዚያ ላይ ሶዳ ይገባል፣ ፒኤቹ፣ ማለትም ውሃው ወደ አሲድ ወይም ወደ ሶዳ ማድላቱን የሚያሳየው ቁጥር፣ ወደ 11 ይወጣል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ከቀለሙ ከ10 እስከ 50 በመቶው ጨርቁን ሳይይዝ ታጥቦ ይወጣል። አንድ ኪሎ ጥጥ ለመቀለም ወደ መቶ ሊትር ውሃ ይፈሳል። እንግዲህ ከመንከሪያው የሚወጣው ትኩስ፣ ጨዋማ፣ ሶዳ የበዛበት፣ ቀለሙም ኔጋቲቭ የሆነ ውሃ ነው። ያንን ጥሬ አገዳ አይችለውም።

መላ ግን አለው። አንደኛው ፒኤቹን ማውረድ ነው። ውሃው ወደ አሲድ ሲጠጋ የዱቄቱ ገጽ ፖዘቲቭ ይሆናል፣ ቀዩን ቀለም መሳብ ይጀምራል። ሁለተኛው ገጹን በኬሚካል ማከም ነው። ሦስተኛው ማክሰል ነው። ከሰል በቻርጅ ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ቀዳዳው ውስጥም አፍኖ ያስቀራል። የእኔ እምነት ግን ከእነዚህ አንዱም ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ ፍሳሹ በገንዳ ተጠራቅሞ ይቀዝቅዝ። ከዚያ በአሉም፣ ማለትም ቆሻሻን ሰብስቦ በሚያዘቅጥ የአሉሚኒየም ጨው፣ ወይም በኖራ ብዙው ይዝቀጥ። አገዳው ወይም ከሰሉ መጨረሻ ላይ ይግባ፣ የቀረውን ይልቀም። ጠላ እንኳ በአንድ ማጥለያ አይጠራም።

ከሰሉ እንዴት ይሠራል የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። የበቆሎ ቆረቆንዳን ልውሰድ። ይሰባበራል፣ ይታጠባል፣ በ105 ዲግሪ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ከዚያ ፎስፎሪክ አሲድ ውስጥ ያድራል። በማግስቱ ክዳን ባለው ዕቃ ተደርጎ አየር እንዳያገኝ 500 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። አየር ካገኘ አመድ ነው የሚሆነው። ሲወጣ አሲዱ ከውስጡ እስኪወጣ በውሃ ይታጠባል፣ ይታጠባል፣ ይታጠባል።

እዚህ ማጠቡ ላይ ቆም ልበል። አንድ ጊዜ መታጠቡን አሳጠርኩት። ከሰሉን ቀይ ቀለም ውስጥ ጨመርኩት፣ ቀለሙ ከውሃው በደንብ ወጣ። ደስ አለኝ። በኋላ ፒኤቹን ስለካ ውሃው አሲድ ሆኗል። ከሰሉ ውስጥ የቀረው አሲድ ነበር የፒኤቹን ሥራ የሠራልኝ። ደግሜ በደንብ ሳጥበው ውጤቱ ወረደ። በደንብ ማጠብ ደግሞ ብዙ ንጹሕ ውሃ ይፈጃል፣ የታጠበበትም ውሃ አሲድ ነው። ውሃ ለማጽዳት ብለን ሌላ የቆሸሸ ውሃ እያመረትን ነው ማለት ነው። አሲዱ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ በዶላር። ምድጃው መብራት ይበላል። "ርካሽ" የምንለው ነገር ሒሳቡ ከአገዳው ዋጋ ብቻ ተነስቶ ከሆነ ራሳችንን እያታለልን ነው። ለዚህ ነው እኔ ጥሬው ከሠራ ጥሬውን የምመርጠው። ለእናቴ ዓይነት ቀለም ጥሬ ገለባ ይበቃል። ቤት ለቤት ስፌት የሚሰፉ እናቶች የተረፈውን ከመድፋታቸው በፊት አንድ እፍኝ የደቀቀ ገለባ ድስቱ ውስጥ ቢጨምሩና ቢያሳድሩት ብዙው ይለጠፋል። አሲድም ምድጃም አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ።

ትንሽ ሒሳብ አብረን እንሥራ። በአንድ ሜትር ኩብ ፍሳሽ ውስጥ 50 ግራም ቀለም አለ እንበል። 45ቱን ማውጣት እንፈልጋለን። አንድ ግራም ከሰላችን 45 ሚሊግራም ቀለም ይሸከማል እንበል። ለአንድ ሜትር ኩብ አንድ ኪሎ ከሰል ማለት ነው። በቀን መቶ ሜትር ኩብ ካለ፣ ያም አንድ ቶን ጥጥ የሚቀለምበት ውሃ ነው፣ አንድ ኩንታል ከሰል ይፈልጋል። ከተረፈ ምርቱ ሲከስል ሲሶው ገደማ ነው የሚተርፈው። ስለዚህ በቀን ሦስት ኩንታል አገዳ፣ በወር ዘጠና ኩንታል።

ዘጠና ኩንታል አገዳ ስንት ነው? አንድ በሬ በቀን ስድስት ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል ብንል፣ የሃምሳ በሬ የአንድ ወር ቀለብ ነው።

መጽሐፉ ሁሉ "የግብርና ቆሻሻ" ይላል። ወሎ ውስጥ የማሽላ አገዳ ቆሻሻ ሆኖ አይቼ አላውቅም። ከብት ይበላዋል። ጎጆ ይከደንበታል። አጥር ይታጠርበታል። እንጀራ ይጋገርበታል። ጥንቅሹን ልጆች ይመጥጡታል። ከደጅ የቆመ የአገዳ ክምር የቤቱ ባንክ ነው። የሰባ ሰባቱን ድርቅ ያያችሁ እዚህ አላችሁ። ክምር የነበረው ሰው በሬውን ስንት ሳምንት እንዳቆየ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እንግዲህ የከተማውን ቀለም ለማጽዳት ብዬ ከገበሬው ደጅ ክምር ላንሳ? ዋጋ ከፍዬ ብወስድ እንኳ አገዳ ይወደዳል። ከብት ያለውና መሬት የሌለው ሰው ይጎዳል።

ስለዚህ ላብራቶሪ ከመግባታችን በፊት የምንጠይቀው ጥያቄ "ይህ ነገር ቀለም ይይዛል ወይ?" መሆን የለበትም። አብዛኛው የተክል ነገር ትንሽም ቢሆን ይይዛል። መጀመሪያ የምንጠይቀው "የማን ነው? ማን እየተጠቀመበት ነው?" የሚለውን ነው።

በዚህ ጥያቄ ስንሄድ ሌላ ነገር ይገኛል። ማታ ደሴም ኮምቦልቻም መንገድ ላይ ምን ተጥሎ ታያላችሁ? ገረባ። ጫቱ ተቅሞ የቀረው እንጨትና ቅጠል ቱቦ ይደፍናል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ ከፍሎ ያስጠርገዋል። ቅጠሉን ፍየል ትቀምሰው ይሆናል እንጂ እንጨቱን የሚፈልገው የለም። እንጨት ስለሆነ ሊግኒን፣ ማለትም እንጨትን የሚያጠነክረው ነገር፣ አለው፣ ከሰል ይወጣዋል። ፀረ ተባይ ስለሚረጭበት በደንብ መታጠብ አለበት። ጁስ ቤቶች የሚጥሉት የብርቱካን ልጣጭ አለ። የእንጨት መሰንጠቂያ ቤቶች ሰጋቱራ አለ፣ እሱ ግን አሁን ማገዶ እየሆነ ስለመጣ ባለቤት አለው። የበቆሎ ቆረቆንዳም እንዲሁ። ቅድም በቆረቆንዳ ምሳሌ የሰጠሁት ስለማውቀው ነው፣ እንዲወሰድ ስለምፈልግ አይደለም። እኔ አሁን ልቤ ያለው ገረባው ላይ ነው።

ሌላ አንድ ነገር አለ፣ እባካችሁ ጆሮ ስጡኝ። ቀለም የጠገበው ዱቄት ወዴት ይሄዳል?

ደርቆ ሲቀመጥ ጥሩ ማገዶ ይመስላል። እኛ አገር ደግሞ የሚነድ ነገር አይጣልም። ምድጃ ውስጥ እንዳይገባ። የፋብሪካ ቀለም ድኝም ናይትሮጅንም፣ አንዳንዱ ክሎሪንም አለው። ጭሱ ጎጆ ውስጥ ሲታፈን የሚተነፍሰው እናትና ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ነው። ማሳ ላይም እንደ ፍግ አይበተን፣ ዝናብ ሲመታው ቀለሙ ተመልሶ ይወጣል። የሚቃጠል ከሆነ ሙቀቱ በጣም ከፍ ያለ፣ እንደ ሲሚንቶ ፋብሪካ ያለ ምድጃ ይፈልጋል። ከዚህ በፊት ግን ደጋግሞ መጠቀም ነው የሚሻለው። በኬሚካል ወይም በሙቀት ቀለሙን አራግፎ ከሰሉን መልሶ ማሠራት ይቻላል፣ በየዙሩ ትንሽ ጉልበት ቢያጣም። የጠገበው ዱቄት የት እንደሚደርስ ያልተጻፈበት ፕሮጀክት ካያችሁ፣ ቀለሙን ከወንዝ አንስቶ ጓሮ ውስጥ ለማስቀመጥ ነው ያሰበው።

ቅድም ከመግባታችን በፊት በር ላይ አንድ አባት ጠየቁኝ። "ልጄ፣ ውሃው ጠርቶ ሲወጣ ላሜ ትጠጣው?" አሉኝ። እዚሁ ሁሉም ይስማው ብዬ አቆየሁት።

አባባ፣ አታጠጧት። ሰማያዊው ጠርሙስ ጠርቷል እንጂ ለመጠጥ አልሆነም። ከፋብሪካ የሚወጣው ደግሞ ቀለሙ ቢወጣለት እንኳ ጨው አለበት። አገዳም ከሰልም ያንን ጨው አያነሱም። ሽንኩርት ላይ በየቀኑ ብታፈሱት መሬቱ ላይ ነጭ ነገር እየጋገረ ይመጣል፣ ምርቱም ይቀንሳል። ጨውን ለማስቀረት ያለው ጥሩ መንገድ መጀመሪያውኑ ትንሽ ጨው የሚፈልግ አቀላለም መምረጥ ነው። እሱ የፋብሪካው ሥራ ነው። ከፋብሪካ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ለአለቆቻችሁ አድርሱልኝ።

አንድ ነገር ልለምናችሁና ልጨርስ። የወንዙ ውሃ ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል። እኔ በሳምንት አንድ ቀን ሄጄ ቀድቼ ብመጣ የማየው የዚያችን ሰዓት ብቻ ነው። እናንተ ግን በየቀኑ ወንዙ ዳር ናችሁ። ውሃው መልኩን ቀይሮ ስታዩ በጠርሙስ ቅዱልኝ። ጠርሙሱ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቀዳችሁበትን ቦታ ጻፉበት። መጻፍ የማይችል ካለ ልጁ ይጻፍለት። በእጅ አትንኩት፣ ጠርሙሱን በገመድ አስራችሁ አውርዱት። ባዶ ጠርሙስና ማርከር መውጫው በር አጠገብ ባለው ካርቶን ውስጥ አለ። ሁለት ሁለት ያዙ።